በብርሃን ስለሚኖረው የረግረግ ባክቴሪያ

ሕፃናት በትምህርት ቤት ስለ ንጽሕና በሚማሩበት ጊዜ አስቀድሞ በጆሯቸው የሚገባው ቃል «ጀርም» የሚለው ነው። ቃሉም በልቡናቸው የሚያድረው የጠላት ስም ሆኖ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኮሌራን፣ ታይፎይድን፣ የሳንባ ነቀርሳንና መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸውና። ዳሩ ግን «ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት ነው» ተብሎ የተማረ ልጅ፣ ወተትን እርጎ የሚያደርገው፣ የባቄላን ማሳም የሚያዳብረው ባክቴሪያ መሆኑን ከፍ ብሎ በተረዳ ጊዜ፣ የቀድሞውን ትምህርት በሙሉ መጠራጠር ይጀምራል። ከዚያ በኋላ «እጅህን በሳሙና ታጠብ» የሚለው ምክር እንኳ ማስፈራሪያ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ መምህር የሆነ ሰው ጠላቱን ከወዳጁ ለይቶ ማስተማር ይገባዋል።

ለዚሁ ትምህርት ምሳሌ ይሆን ዘንድ በዚህ ወር ስለ አንድ ባክቴሪያ እንጽፋለን። ይህ ባክቴሪያ የሚኖረው በአፈር፣ በረግረግ፣ በኩሬ ደለልና በፍሳሽ ውሃ ውስጥ ነው። በሰው ላይ በሽታ ከሚያመጡት ወገን አይቈጠርም። የሚያስደንቀውም ነገር፣ እንደ ሁኔታው አኗኗሩን እየለዋወጠ፣ ሌሎች በማይኖሩበት ስፍራ መኖር መቻሉ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

ስሙና መልኩ

የሳይንስ ሊቃውንት የሰጡት ስም ሮዶሱዶሞናስ ፓሉስትሪስ ይባላል። በስሙ መጀመሪያ ያለው «ሮዶ» የሚለው ክፍል ጽጌረዳ ከሚል የግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን፣ «ፓሉስትሪስ» ደግሞ በላቲን ቋንቋ የረግረግ ማለት ነው። ሃንስ ሞሊሽ የተባለው የኦስትሪያ የዕፀዋት ሊቅ በ1907 ስለ ሐምራዊ ባክቴሪያዎች ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸው። በኋላም በ1944 ኮርኔሊስ ቫን ኒል የተባለው በሆላንድ ተወልዶ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ያስተምር የነበረ ሊቅ፣ ዛሬ በሚጠራበት ስም መደበው።

መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው። አምስት መቶ ያህሉ ራስና ጅራት ተያይዘው ቢሰለፉ የሰልፋቸው ርዝመት ከአንድ ሚሊሜትር አያልፍም። ስለዚህ አንዱን ለብቻው ለማየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ነገር ግን ብዙዎች ሆነው በውሃ ውስጥ በተሰበሰቡ ጊዜ ውሃው ቀይ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ይይዛል። ሲራባም እንደ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች በእኩል ለሁለት አይከፈልም፤ እንደ ቡቃያ ከአንድ ወገኑ አዲስ አካል ያወጣል። እናቲቱ በያዘችው ስፍራ ተጣብቃ ስትቀር፣ ልጂቱ ጅራት መሰል ነገር አብቅላ እየዋኘች ሌላ ማረፊያ ትፈልጋለች።

ስለ አራቱ አኗኗሩ

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ሥራውን የሚያከናውንበት ኃይል ነው፤ ሁለተኛው አካሉን የሚገነባበት ካርቦን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ዛፍ ኃይሉን ከፀሓይ ብርሃን፣ ካርቦኑንም በአየር ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያገኛል። ሰውና እንስሳ ግን ኃይሉንም ካርቦኑንም የሚያገኙት ከሚበሉት ምግብ ነው። ዛፍ እንደ ላም ሣር ልብላ ቢል አይችልም፤ ላምም እንደ ዛፍ ፀሓይ እየሞቅሁ ልኑር ብትል በረኃብ ታልቃለች።

ይህ የረግረግ ባክቴሪያ ግን በሁለቱም መንገድ መሄድ ይችላል። አኗኗሩም በአራት ይከፈላል።

አንደኛ፤ ኦክስጂን በሌለበት፣ ብርሃን ግን በሚደርስበት ስፍራ፣ ኃይሉን ከብርሃን ወስዶ ካርቦኑን ከበሰበሰ ዕፅዋት ያገኛል። ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ይህ ነው።

ሁለተኛ፤ የበሰበሰ ነገር ባጣ ጊዜ፣ ብርሃን እስካለ ድረስ፣ እንደ ተክል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወስዶ አካሉን ይሠራል።

ሦስተኛ፤ ብርሃን በሌለበት፣ ኦክስጂን ባለበት ስፍራ፣ እንደ እኛ እየተነፈሰ ምግብ በልቶ ይኖራል።

አራተኛ፤ ብርሃንም ምግብም በሌለበት ጨለማ፣ ኦክስጂን ካገኘ፣ ሃይድሮጅንን ወይም ድኝ ያለበትን ውሑድ እንደ ማገዶ ተጠቅሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አካሉ ያደርጋል።

በክረምት የሚያርስ፣ በበጋ የሚሸምን፣ ገበያ በሆነ ቀን የሚነግድ፣ እንጨት በጠፋ ጊዜም ደን ወርዶ የሚለቅም ባለ ሙያ ቢኖር፣ ቤቱ ጦሙን አያድርም። ይህም ባክቴሪያ እንደዚያው ነው። ዳሩ ግን አራቱን ሥራ በአንድ ጊዜ አይሠራም፤ ኃይሉን በከንቱ እንዳያባክን፣ የማያስፈልገውን መሣሪያ ያስቀምጣል። ለምሳሌ ኦክስጂን በበዛ ጊዜ ብርሃን የሚቀበልበትን ቀለም መሥራት ያቆማል፤ ስለዚህ በአየር ውስጥ ያደገው ከብርሃኑ ልጅ ይልቅ የገረጣ ሆኖ ይታያል።

የማናየውን ብርሃን ስለ መጠቀሙ

ኩሬ ላይ የተንጣለለ አረንጓዴ ነገር ያየ ሰው፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ብርሃን የማያገኝ ይመስለዋል። በእርግጥም ከላይ ያሉት አረንጓዴ ዕፅዋት ለዓይን ከሚታየው ብርሃን ብዙውን ይወስዱታል። ነገር ግን የፀሓይ ብርሃን ለዓይን የማይታይ ክፍል አለው፤ ይህም ታሕተ ቀይ ጨረር ይባላል። ዕፅዋቱ ይህን ጨረር ስለማይፈልጉት ሳይነኩት ያሳልፉታል። የረግረጉ ባክቴሪያ የሚቀበለው ይህንኑ ነው። ቀለሙ በተለይ ከ800 እስከ 880 ናኖሜትር ድረስ ያለውን ጨረር ይይዛል፤ የተክል አረንጓዴ ቀለም ግን 680 ናኖሜትር አካባቢ ከሚገኘው ቀይ ብርሃን ብዙ አያልፍም። ከማዕድ የተረፈውን የሚሰበስብ በዚህ መንገድ ይጠግባል።

ሌላም የሚለይበት ነገር አለ። ዕፅዋት በብርሃን ምግባቸውን በሚያዘጋጁበት ጊዜ ውሃን ሰንጥቀው ኦክስጂን ይለቃሉ፤ ይህ ባክቴሪያ ግን ውሃን ስለማይሰነጥቅ ኦክስጂን አይለቅም። ቫን ኒል በ1931 ይህንን የሐምራዊ ባክቴሪያዎች ጠባይ ከዕፅዋት ጋራ አስተያይቶ፣ ዕፅዋት የሚለቁት ኦክስጂን የሚመጣው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይሆን ከውሃ ነው ወደሚል ፍርድ ደረሰ። በኋላ የመጡ ሊቃውንትም ይህ እውነት መሆኑን አረጋግጠዋል። በየቀኑ ስለምንተነፍሰው አየር ምንጭ የተማርነው ከፊሉ ትምህርት የተገኘው ከረግረግ ጭቃ መሆኑ አያስደንቅምን?

አየርን ማዳበሪያ ስለ ማድረጉ

በአየር ውስጥ ከመቶው 78 እጅ የሚሆነው ናይትሮጅን ነው። ሆኖም ሰውም ሆነ ተክል ከአየር ወስዶ ሊጠቀምበት አይችልም፤ የናይትሮጅን ጥንድ እጅግ የጠበቀ ስለሆነ በቀላሉ አይፈታም። ይህን ጥንድ ፈትተው ተክል ወደሚመገበው አሞኒያ የሚለውጡት የተወሰኑ ባክቴሪያዎች ብቻ ናቸው። ገበሬዎቻችን ስንዴ ወይም ጤፍ የነበረውን ማሳ ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ የሚያፈራርቁበት ምክንያትም በሥራቸው እንቡጥ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች አፈሩን ስለሚያዳብሩት ነው። የረግረጉ ባክቴሪያ በአኩሪ አተር ሥር ከሚኖረው ብራዲራይዞቢየም ከሚባለው ጋራ የቅርብ ዘመድ ነው።

ጥንዱን የሚፈታው ኤንዛይም ናይትሮጅኔዝ ይባላል። ዋጋውም ውድ ነው፤ አንዱን የናይትሮጅን ጥንድ ለመፍታት ባክቴሪያው ቢያንስ 16 የኃይል ቅንጣት ይከፍላል። በዚህ ምክንያት በአካባቢው የተዘጋጀ አሞኒያ ካገኘ ይህን ኤንዛይም አይሠራም። የረግረጉ ባክቴሪያ ግን ሦስት ዐይነት ናይትሮጅኔዝ ስላለው ከብዙዎች ይበልጣል። የመጀመሪያው ሞሊብዴነም የሚባለውን ማዕድን ይፈልጋል፤ ሞሊብዴነም ሲጠፋ ቫናዲየም የሚጠቀመውን ያወጣል፤ ይህም ባይገኝ ብረት ብቻ በሚበቃው ይሠራል። የኋለኞቹ ሁለቱ ከፊተኛው ይልቅ ብዙ ኃይል የሚያባክኑ ናቸው፤ ነገር ግን በችግር ጊዜ ደካማ በሬ ከምንም ይሻላል።

ኤንዛይሙ በሚሠራበት ጊዜ ሃይድሮጅን የሚባለው ጋዝ ይወጣል። ሃይድሮጅን ሲነድ የሚተወው ውሃ ብቻ ስለሆነ፣ ሊቃውንት ይህን ባክቴሪያ ለንጹሕ ማገዶ መሥሪያ ሊያደርጉት ይመረምራሉ። በ2007 በወጣ ጥናት፣ ኤንዛይሙን በሚያዝዘው ጂን ውስጥ የአንድ ፊደል ለውጥ ብቻ ባክቴሪያውን ሳያቋርጥ ሃይድሮጅን እንዲሠራ እንዳደረገው ታይቷል። በ2016 ደግሞ ተመራማሪዎች በኤንዛይሙ ላይ ሁለት ስፍራ ለውጠው፣ ባክቴሪያው በብርሃን ኃይል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሜቴን ወደሚባለው የሚነድ ጋዝ እንዲለውጥ አድርገዋል። በ2018 ግን በብረት የሚሠራው ኤንዛይም ይህንኑ ሜቴን ያለ ሰው እጅ በጥቂቱ እንደሚሠራ ተገለጸ።

የዕፅዋትን ትራፊ ስለ መብላቱ

እንጨትና ገለባ ጠንካራ የሚሆኑት ሊግኒን በሚባል ነገር ነው። ሊግኒን የተገነባው ስድስት ካርቦን ቀለበት ሠርተው ከተያያዙባቸው ብዙ ቅንጣቶች ነው፤ ይህንንም ቀለበት መፍታት ለብዙ ሕያዋን የሚያዳግት ነው። በመጀመሪያ ሻጋታና ሌሎች ባክቴሪያዎች ሊግኒኑን ይቈራርጡታል፤ ከዚያ በኋላ የረግረጉ ባክቴሪያ ቍርጥራጮቹን ይረከባል። ኦክስጂን ካለ በኦክስጂን ቀለበቱን ይሰነጥቃል፤ ኦክስጂን ከሌለም በብርሃን ባገኘው ኃይል ቀለበቱን አለስልሶ ይፈታዋል። እንዲህ ያለ ቀለበት ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት በሚወጡ መርዛም ነገሮችም ውስጥ ስለሚገኝ፣ የባክቴሪያው ጥበብ የተበላሸ አፈርን ለማጽዳት ሊረዳ ይችል እንደ ሆነ ይመረመራል። ሆኖም መርዝ ሁሉ ይጠፋለታል ማለት አይደለም።

በዘሩ ስለ ተጻፈው

ይህ ሁሉ ልዩ ልዩ ሥራ የሚመጣው ከየት ነው? መልሱ በውርሱ ውስጥ ይገኛል። የሕያዋን ሁሉ ውርስ ዲ ኤን ኤ በሚባለው ረጅም ሰንሰለት ላይ በአራት ፊደላት ተጽፏል። ፍራንክ ላሪመር፣ ካሮላይን ሃርውድና ባልደረቦቻቸው የዚህን ባክቴሪያ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አንብበው በ2004 አሳተሙት። በዚያም መሠረት ዋናው ሰንሰለት ክብ ሆኖ 5,459,213 ፊደላት አሉት፤ ጂኖቹም 4,836 ያህል እንደሆኑ ተገምቷል። የሰው ጽሑፍ ከዚህ ባክቴሪያ በአምስት መቶ እጥፍ ይበልጣል፤ ፕሮቲን የሚያሠሩት ጂኖቹ ግን ከእርሱ አራት እጥፍ ብቻ ይሆናሉ። እንግዲህ ትንሹ ፍጡር ወረቀቱን በከንቱ አላባከነም ማለት ነው።

በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ ሦስቱ ናይትሮጅኔዝ፣ ቀለበት የሚሰነጠቅባቸው አምስት መንገዶች፣ ብርሃን የሚሰበሰብባቸው አራት ተመሳሳይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ከጽሑፉ ከመቶው ወደ 15 እጅ የሚጠጋው ዕቃን በሴሉ ግድግዳ ለማስገባትና ለማስወጣት የተመደበ ነው። የውጭውን ሁኔታ የሚያጠኑ ወሬ ነጋሪዎች እንበላቸውና፣ ከዚህ ዐይነቶቹ 63 ተቈጥረዋል። እነዚህ ብርሃን መጣ፣ ኦክስጂን አለቀ፣ አሞኒያ ተገኘ እያሉ ወደ ውስጥ ያስታውቃሉ፤ በዚያም መሠረት ተገቢው ጂን ይከፈታል፣ የማያስፈልገው ይዘጋል። በ2008 ደግሞ ባክቴሪያው ከዕፅዋት በሚያገኘው ኩማሪክ አሲድ የወገኖቹን መጠን የሚያስታውቅ ምልክት እንደሚሠራ ታወቀ።

ከዚህ የምንማረው፣ ብልሃቱ በጂን ብዛት ብቻ አለመሆኑን ነው። ብዙ መሣሪያ ያለው ሠራተኛ፣ የትኛውን መቼ እንደሚያነሣ ካላወቀ ዕቃው ሸክም ይሆንበታል።

ለንጽሕና ጠባቂ የሚሰጠው ምክር

አሁን ወደ ጤና እንመለስ። በከተማ የቆሻሻ ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ በደህና በሚሠራበት ጊዜ አረንጓዴ ይመስላል፤ በውስጡ ያሉት አልጌዎች ኦክስጂን ይለቃሉና። የሚገባበት ቆሻሻ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ግን ኦክስጂኑ ያልቃል፤ የተበላሸ ዕንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል፤ ሐምራዊ ባክቴሪያዎችም በዝተው ውሃው ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ውሃ ያየ ሰው «ደም ሆነ» ብሎ መደንገጥ አይገባውም። በዚያው ልክ «ወዳጅ ባክቴሪያ ነውና ውሃው ንጹሕ ነው» ማለትም ታላቅ ስሕተት ነው። ቀለሙ የሚነግረን ኩሬው ከአቅሙ በላይ የተጫነ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ለሚመለከተው የጤና ወይም የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ይህ ባክቴሪያ ከእርሾና ከእርጎ ባክቴሪያዎች ጋራ ተቀላቅሎ፣ ለብስባሽ ማዳበሪያና የሽንት ቤት ሽታ ለመቀነስ በፈሳሽ መልክ ይሸጣል፤ በአገራችንም ይታወቃል። ለብስባሽ የሚያገለግል ቢሆንም፣ የኮሌራን ጀርም ወይም የወስፋትን ዕንቁላል የሚያጠፋ መድኃኒት አድርጎ መቍጠር አይገባም። የወስፋት ዕንቁላል በአፈር ውስጥ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ፈሳሹ የተጨመረበት ጕድጓድ ክዳን አያስፈልገውም፣ ከዚያ የወጣ ሰውም እጁን በሳሙና መታጠብ አያስፈልገውም የሚል ሁሉ ራሱንና ጎረቤቱን ያሳስታል። የሚጠጣ ውሃም መፍላት ወይም በተገቢው መድኃኒት መታከም አለበት።

በትምህርት ቤት ስለሚሠራ ፈተና

ይህን ትምህርት በዓይን ማሳየት የሚወድድ መምህር በጥቂት ወጪ ሊሠራው ይችላል። ዘዴውን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያወጣው ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው።

ሁለት ብርሃን የሚያሳልፉ ጠርሙሶች ይዘጋጁ። ከኩሬ ዳር የተወሰደ ጭቃ፣ ከተቀደደ የጋዜጣ ወረቀትና ከአንድ የተቀቀለ ዕንቁላል አስኳል ጋራ ተቀላቅሎ ጠርሙሶቹ እስከ ሁለት ሦስተኛ ይሞሉበት፤ ከላይም የኩሬው ውሃ ይጨመር። ጋዝ ስለሚወጣ ክዳኑ አይጠበቅ፤ ላላ ተደርጎ ይቀመጥ። አንዱ ጠርሙስ ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ይሁን፤ ሁለተኛው በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ ከጎኑ ይቀመጥ። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ብርሃን ያገኘው ጠርሙስ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ቀይና ወይን ጠጅ መልክ እየያዘ ይሄዳል፤ የተሸፈነው ግን አረንጓዴው፣ ቀዩና ወይን ጠጁ ቀለም ሳይወጣበት ይቀራል። ተማሪዎችም በየሳምንቱ ያዩትን በደብተራቸው ይጻፉ፣ ቀለሙም ከላይ ወደ ታች በምን ተራ እንደ ተደረደረ ይሳሉ።

በዚህ ፈተና ጊዜ ጥንቃቄ ይጠበቅ። የሽንት ቤት ፍሳሽ ከሚገባበት ስፍራ ጭቃ አይወሰድ። ቢልሃርዚያ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ በሚቆም ሰው ቆዳ ሰርጎ ስለሚገባ፣ ልጆች ኩሬ ውስጥ አይግቡ። ጭቃውን መምህሩ ራሱ ይያዝ፤ በእጁ ቍስል ካለበት በደንብ ይሸፍነው። የነካው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ፈተናው ሲፈጸም ጭቃው ከውሃ ጕድጓድ ርቆ ይቀበር።

ማጠቃለያ

እንግዲህ በአንድ ጭብጥ ጭቃ ውስጥ ወዳጅም ጠላትም አብረው ያድራሉ። መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ባክቴሪያ በአፈር ይኖራል፤ የዛፉን ቅጠልና የእንጨቱን ትራፊ ወደ ሕይወት የሚመልሰውም በዚያው አፈር ይኖራል። አንዱን ፈርቶ አፈርን ሁሉ መጸየፍ አይገባም፤ ሌላውን ወድዶ ንጽሕናን መተውም አይገባም። ገለባውና ቅጠሉ ወደ ብስባሽ ጕድጓድ፣ ዐይነ ምድር ወደ ተከደነ ሽንት ቤት፣ እጅም ወደ ሳሙናና ውሃ ይሂድ። አፈር የሚችለውን ስንሰጠው ሠራተኞቹ ያገለግሉናል፤ ከሚችለው በላይ የጣልንበትን ግን በበሽታ መልክ ለልጆቻችን ይመልስብናል። መምህራን ይህን ልዩነት በመልካም ቃል ካስተማሩ፣ ተማሪው እጁን የሚታጠበው ስለፈራ ሳይሆን ምክንያቱን ስላወቀ ይሆናል።